ፍሬን እምቢ አለኝ

መኪና የሚወዱ ሰዎች ሲሰባሰቡ ጨዋታቸው ዞሮ ዞሮ ከሁለት ነገር አይወጣም፤ አንዱ አስቸጋሪ አውቶሞቢል፣ ሌላው አስቸጋሪ ሾፌር። ስለ መጀመሪያው ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። በሌሊት መንገድ ላይ ጥሏቸው ያደረውን መኪና እንደ ታማሚ ዘመድ ያነሡታል፤ «ዘይት ይበላል»፣ «ዳገት ላይ ይሞቃል»፣ «ብርድ አይወድም» ይላሉ። ስለ ሁለተኛው ሲያወሩ ግን ርኅራኄ የላቸውም። ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፈው፣ አደባባይ ውስጥ ደርቦ የሚገባው፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን የሚያቃጥለው ሁሉ «መንጃ ፈቃዱን ገዝቶት ነው» ተብሎ ይጠቃለላል። እኔም መኪና እወዳለሁና በእንዲህ ያለው ወሬ መካከል ለብዙ ዓመታት ተቀምጫለሁ። ሆኖም መኪናው ምሕረት የሚያገኝበት፣ ሾፌሩ የሚኰነንበት ይህ ፍርድ ልቤን ሞልቶት አያውቅም።

በአዲስ አበባ አስቸጋሪ አውቶሞቢል ሲነሣ ላዳ ሳትጠራ አታልፍም። ሰማያዊና ነጭ ለብሳ በታክሲነት ያገለገለችው ይህች መኪና ትውልዷ ጣሊያን ነው። እናቷ ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣ ነበር። ሶቪየቶች ፈቃዱን ከፊያት አግኝተው ከ1970 ጀምሮ በቮልጋ ወንዝ ዳር ሠሯት፤ ፋብሪካው የተተከለባት ከተማ ቶሊያቲ ስሟን የወረሰችው ከጣሊያኑ ኮሚኒስት መሪ ከፓልሚሮ ቶሊያቲ መሆኑም ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። ለሩስያ መንገድ እንድትሆን ቆርቆሮዋን አወፈሩት፤ ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗን አንሥተው በታምቡር ተኩት፤ ባትሪ በብርድ ሲሞት በእጅ እየዞረ ሞተር የሚያስነሣ ብረትም ጨመሩላት። በደርግ ዘመን ወደ እኛ ስትመጣ ጋራዦቻችን የአካሏን ክፍሎች የሚጠሩበት ስም ቀድሞውኑ ከጣሊያን የመጣ ነበር፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ኮፈን፣ ማርሽ። ከቱሪን ተነሥታ፣ በቮልጋ ዞራ አዲስ አበባ ስትደርስ በልጅነት ስሟ የሚጠራት ሰው አገኘች። (ይህን ለአንድ መካኒክ ብነግረው «ታዲያ መለዋወጫዋ ለምን ይወደዳል?» አለኝ።)

የላዳ ሕመም የሚሰማ ሕመም ነው። በቀትር ፀሐይ፣ በተጨናነቀ መንገድ ዳገቱን ስትያያዘው ሞተሩ ላይ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ይግልና ውስጡ ያለው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎትን ደግሞ ያ ፓምፕ መግፋት አይችልም። ሁለት ሦስቴ ትንቀጠቀጥና ትቆማለች። ሾፌሩ አይደነግጥም፤ ኮፈኑን ከፍቶ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል ያደርግና በትዕግሥት ይጠብቃል። ፑንቲናው ሲቆሽሽ፣ ካንዴላው ሲጠቁር በድምፅዋ ያውቃል። ከተማችን ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሩም ስስ ስለሆነ፣ ካርቡራተሩ ቤንዚን እንደሚያበዛ ፊዚክስ ሳይማር ደርሶበታል። መኪና ወዳዶች ከዚህ ተነሥተው አስቸጋሪ መኪና ጐበዝ ሾፌር ያወጣል፣ የማይበላሽ መኪና ግን ሰነፍ ያደርጋል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ስለ ሌላው ግማሽ ግን ዐይኔ ያየውን ልመስክር፤ ሞተሩን እንደ ዜማ መምህር በጆሮው የሚያርም ሰው፣ ዜብራ ላይ የቆመችውን አሮጊት ሳያያት ሲያልፍ አይቻለሁ። ልቡ ሁሉ ኮፈኑ ሥር ነበር።

መኪናው ነው ወይስ ሾፌሩ የሚለው ክርክር የእኛ ጋራዦች ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመኪና ፋብሪካዎች መልስ ለረጅም ጊዜ አንድ ነበር፤ ጥፋቱ መሪውን የጨበጠው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ናደር የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ «በየትኛውም ፍጥነት አደገኛ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የሰጠውን መጽሐፍ አወጣ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሞተሯ ከኋላ ስለተቀመጠው ሼቭሮሌ ኮርቬር ነበር። ኩባንያው ጄኔራል ሞተርስ በመርማሪዎች አስከተለው፤ በ1966 ነገሩ ሲገለጥ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሴኔት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ በዚያው ዓመትም የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ወጣ። በ1972 ግን አንድ የመንግሥት ጥናት ኮርቬር ከዘመን እኩዮቿ የባሰች አይደለችም አለ። መኪና ወዳዶች ይህችን የመጨረሻዋን ነገር እስከ ዛሬ እንደ ድል ያነሧታል። እኔ ግን የናደር ቁም ነገር ከኮርቬር የሰፋ ይመስለኛል። ሰው ይሳሳታል፤ ሲሳሳት የመሪው ዘንግ ደረቱን የሚወጋ መኪና የሠራ መሐንዲስ «የራሱ ጥፋት ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይገባውም።

እኛስ? በአማርኛችን አደጋ ሲነገር ሾፌር የለም። «መኪና ገጨው» እንላለን። በሰዋስው መሠረት የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መኪናው ነው፤ ሌላው ባለቤት አልተጠራም። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው አነጋገር ነው፤ ፍሬኑ እንደ ሎሌ ድንገት የሸፈተ ይመስላል። ነገር ግን ፍሬን ድንገት የሚሸፍተው አልፎ አልፎ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ሳይቀየር ሲቀር፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሾፌር ደግሞ ሞተሩ ሊይዝለት የሚችለውን ሸክም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጭናል። ከዚያ ቀን በፊትም ፔዳሉ ጠለቅ ጠለቅ ብሏል፤ ጎማው ሥር ዘይት አንጠባጥቧል፤ ሸራው አልቆ ብረት ብረትን ሲበላ አፏጭቷል። እምቢታው ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ወሬ የሚሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቁልቁለት ላይ አንድ ሾፌር በአሮጌ አውቶሞቢል የክፍሌን ልጅ ገጭቶ ገደለው። ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች ሾፌሩን ይዘው ለዕርቅ ወደ ልጁ ቤት መጡ፤ እኛ ልጆች ከበራፉ አጠገብ ቆመን እንሰማለን። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ «ፍሬን እምቢ አለኝ፣ ጋሼ» አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እግዜር ያመጣው ነው» የሚለው ቃል ሊከተል ነበር። የልጁ አባት ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ከመቼ ጀምሮ?» ሲሉ ጠየቁት። ሰውየው አልመለሰም። ዕርቁ በዚያ ቀን አልሆነም፤ በሌላ ቀን ሆነ። መኪናው ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመለሰ።

እርግጥ ነው፣ ያ ሾፌር የመኪናው ጌታ አልነበረም። ለባለንብረቱ በየማታው ገቢ የሚያስረክብ ሰው ነበር፤ ለፍሬን ሸራ መግዣ ቢጠይቅ «ይህን ሳምንት ይዘህ ቆይ» መባሉ አይቀርም ነበር። ይህን አስቤ ልፈርድበት እቸገራለሁ፤ የአባትዮውን ጥያቄ ግን ልተወው አልቻልሁም። አስቸጋሪ መኪና ሕመሙን አውቆ የሚያቆመው እስካለ ድረስ አስቸጋሪ ብቻ ነው። መካኒኮች «ጠባዩን አውቀዋለሁ» የሚለውን ሾፌር ሲያሞግሱ የምቆጣው ለዚህ ነው፤ ጠባዩን እያወቀ ቁልፉን ካዞረ ዕውቀቱ ለማን ጠቀመ?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የወዳጆቼ ወሬ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። ድምፅ የለውም፣ አያናግርም ብለው ያሙታል። ባለፈው ሰሞን አንዱ እንዲህ ያለ አውቶሞቢል ያለው ሰው መንገድ ላይ ቀጥ ብሎበት እያማረረ መጣ፤ ያለ አንዳች ምልክት ነው የቆመብኝ አለ። መካኒኩ ገባና ማሳያውን አየው፤ ቢጫ መብራት በርቷል። «ይኼ መቼ በራ?» አለው።

«እሱማ ከፋሲካ በፊት ነው።»

ሁሉም ሳቁ።