ሻርኩና ወፈፍ ያሉት ቃላት

ከለንደን የተነሳው አውቶቡስ ኦክስፎርድ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ሄዲንግተን የሚባለው ሰፈር ላይ፣ በግራ በኩል ባለው መስኮት ሻርክ አየሁ። አዎ፣ ሻርክ! ከአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ጣሪያ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ፣ ጭራውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆሟል። «ኧረ በሕግ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ገባቸው። ወደ ሻርኩ እያመለከቱ «ቦንከርስ!» አሉኝ፤ የልጅ ልጁን ፎቶ እንደሚያሳይ አያት እየኮሩ።

ቦንከርስ። ትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለው ጉድ አንድ ቃል ብቻ ነበረው፦ «ክሬዚ»። እብድ፣ አለቀ። የሽማግሌው ቃል ግን ሳቅ አለበት፣ ፍቅር አለበት። ደብተሬን አውጥቼ በፊደላችን ጻፍኩት።

በማግስቱ ሻርኩን በእግሬ ሄጄ አየሁት። ርዝመቱ ከ7 ሜትር ይበልጣል፤ ከፋይበርግላስ የሠራው ጆን ባክሊ የሚባል ቀራፂ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ቢል ሃይን ጣሪያው ላይ ያስተከለው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1986 ነበር። ቀኑ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ የወደቀበት 41ኛ ዓመት ነው። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ከሰማይ ዱብ የሚልበት መዓት! ይህን ስሰማ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ ቀና ብዬ እንደገና አየሁት፤ ከዚያ ደግሞ፣ ምን ላድርግ፣ መልሶ አሳቀኝ።

ውሻውን ይዞ የሚያልፍ የሰፈሩ ሰው ቀሪውን አጫወተኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው፣ ይነሳ አለ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ጉዳዩን እንዲመረምር የተላከው የመንግሥት ሰው በሪፖርቱ ላይ፣ ማንኛውም የቁጥጥር ሥርዓት ላልተጠበቀና «ክዎርኪ» ለሆነ ነገር ትንሽ ቦታ መተው አለበት ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሻርኩ ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። ክዎርኪ ማለት ወጣ ያለ፣ ጠመም ያለ፣ ግን ደስ የሚል ነው። እስቲ አስቡት! «ጉዳዩ፦» ብሎ የሚጀምር፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት የእኛ አገር ደብዳቤ ውስጥ «ወፈፍ ላለ ነገርም ቦታ ይተውለት» የሚል ቢገኝ፣ እኔ በፍሬም አስገብቼ ሳሎን እሰቅለው ነበር። ሁለተኛዋ ቃሌ ክዎርኪ ናት።

ቤታቸው ያረፍኩት ሴትዮ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በስሜ ጥራኝ ቢሉኝም አፌ እምቢ ብሎኝ በልቤ «እማማ» እላቸዋለሁ። አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው፣ ያን በሚያህል ብርድ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሊዋኝ ወደ ወንዝ ሲወርድ በመስኮት አዩትና «ባርሚ!» አሉ በፍቅር። ምን ማለት ነው? ብዬ ጠየቅሁ። «ባርም» ቢራ ሲፈላ ከላይ የሚነሳው አረፋ ነው፤ ድሮ ዳቦም ይቦካበት ነበር አሉኝ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ። ጠላው ጋኑ ውስጥ ሲንሾካሾክ ጆሮዬን ደቅኜ የማዳምጠው፣ ክዳኑ ሲነሳ አፍንጫዬን የሚመታኝ የጌሾ ሽታ። ባርሚ ሰው ማለት ለካ ጭንቅላቱ ውስጥ ጠላ የሚፈላበት ሰው ነው! ያን ዋናተኛ ከዚያ በኋላ ባየሁት ቁጥር አረፋው ይታየኛል።

ተራው የእኔ ሆነና የእኛን ነገርኳቸው፦ «ነካ ያደርገዋል» እንላለን አልኩ። እማማ ሻያቸውን አስቀመጡ። እነሱም «ተችድ» ይላሉ፤ ነካ የተደረገ! ሁለት ቋንቋ፣ በመካከላቸው ስንት ባሕር፣ ስንት በረሃ፣ ያው አንድ እጅ ያንኑ ጭንቅላት ነካ አድርጎ አለፈ።

ከሁሉም ግን ልቤን የወሰደችው «ሲሊ» ናት። ሞኛሞኝ ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከሺህ ዓመት በፊት ግን የታደለ፣ የተባረከ ማለት ነበር። የታደለው ሰው ውሎ አድሮ ንጹሕ ተባለ፣ ንጹሑ ምስኪን ሆነ፣ ምስኪኑ ሞኝ። ሌላው የሞኝ ስም «ዳፍት»ም እንዲሁ፤ ጥንት ገርና ትሑት ለሆነ ሰው ነበር የሚባለው። ይህን ስሰማ የእኛ «የዋህ» ትዝ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚመሰገነው የዋህ ገበያ ሲወጣ፣ ዋጋ ተቆልሎበት የገዛ ሰው ነው፤ «አይ የዋሁ!» ይሉታል። ደጋግ ሰዎች በሁለቱም አገር ያው መንገድ ገጠማቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ደብተሩ ላይ «ሲሊ»ንና «የዋህ»ን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው።

ቅዳሜ ለንደን ወርጄ ጎፍ ስኩዌር 17 ቁጥር ገባሁ፤ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 የታተመውን ዝነኛ መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀበት ቤት። ደረጃው ይንቋቋል፤ ሥራው የተሠራበት ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍል ነው። ይህ ሰው ከመዝገበ ቃላቱ 20 ዓመት አስቀድሞ የፖርቱጋሉን ሚስዮናዊ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሟል፤ በ1759 ደግሞ «ራሴላስ» የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ ጽፏል። አገራችንን ግን በዓይኑ አላያትም። እሱ እኛን በመጻሕፍት ፈልጎን ነበር፤ እኔ ደግሞ ቃላቱን ፍለጋ ደጁ መጣሁ። ጉሮሮዬ ተናነቀኝ።

ደጅ ላይ የጆንሰን ድመት የሆጅ ሐውልት አለ፣ መዝገበ ቃላት ላይ ተቀምጦ፣ ከፊቱ የኦይስተር ባዶ የባሕር ዛጎል። ጆንሰን ለሆጅ ኦይስተር የሚገዛው ራሱ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ አሽከሮቹ በመላላኩ ተማርረው ድመቱን እንዳይጠሉበት ብሎ። ቦንከርስ? ባርሚ? ሲሊ? ጥንት በነበራት ትርጉም ከሆነ፣ አዎ፣ ሲሊ። የሆጅን የነሐስ ጀርባ ዳበስኩት።

ማታ ስመለስ ግራውን መስኮት አስቀድሜ ያዝኩ። ሄዲንግተን ስንደርስ ከፊቴ የተቀመጠች ሕፃን ጣቷን ቀስራ እናቷን ጎተተች። እናትየው ሳትቀድመኝ «ቦንከርስ!» አልኩ። ሕፃኗ ዞራ አየችኝና ቃሉን እስከ መናኸሪያው ድረስ ደጋገመችው።