ምንም ያልሆነበት ዓርብ

በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የሰርቨር ሠራተኛ ነኝ ስል ብዙ ሰው የተበላሸ ኮምፒውተር የምጠግን ይመስለዋል። ባለቤቴም ከተጋባን በኋላ ለዘመዶቹ «ኮምፒውተር ትሠራለች» እያለ ነበር የሚያስረዳልኝ። የሥራዬ ትልቁ ክፍል ግን ገና ያልተበላሸውን መነካካት ነው። ሰውም የማይወድልኝ ይህንኑ ነው።

ሰርቨር ማለት ካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪው፣ ፋርማሲውና ሒሳብ ክፍሉ ሁሉ መረጃቸውን የሚያስቀምጡበት ኮምፒውተር ነው። የሚያንቀሳቅሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዊንዶውስም ይሁን ሊኑክስ፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ መስመሮች የተጻፈ ስለሆነ ቀዳዳ አያጣም። ቀዳዳው ሲገኝ ሠሪዎቹ «ፓች» የሚባል መጣፊያ ያወጣሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ያወጣል፤ በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይደርሰናል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር እዚህ ላይ ነው። መጣፊያው ሲወጣ ሌባውም ቀዳዳው የት እንደነበረ ያውቃል። አሮጌውንና አዲሱን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ይፈልጋል። ስለዚህ ያልጣፈ ሰው ከማክሰኞ በፊት ከነበረው ይልቅ ከማክሰኞ በኋላ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የወጣው መጣፊያ መለያው «ኤም.ኤስ. 17-010» ነበር። የሚደፍነው የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበትን አሠራር ቀዳዳ ነው። ማንም ኢሜይል ሳይከፍት፣ ማንም ምንም ሳይጫን፣ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በኔትወርክ የሚያሻግር ቀዳዳ! ልክ በወሩ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ ራሳቸውን «ሻዶው ብሮከርስ» ብለው የሚጠሩ ሰዎች በዚህ ቀዳዳ የሚያስገባውን «ኢተርናልብሉ» የተባለ መሣሪያ ለዓለም በተኑት። መሣሪያው ከአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የወጣ ነው።

ከፋሲካ ስንመለስ የላብራቶሪ ኃላፊዋ ዘንድ ሄድኩ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሰርቨሩን ለ3 ሰዓት ላጥፋው ብዬ ለመንኳቸው።

«አይሆንም፣ ልጄ። ከአንቺ በፊት የነበረው ልጅ አፕዴት ላድርግ ብሎ የደም መመርመሪያው ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር አቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ውጤት በእጃችን ስንጽፍ ዋልን። የአንዱን ውጤት ለሌላው ልንሰጥ ለጥቂት ነው የተረፍነው» አሉኝ።

ፍርሃታቸው የዋዛ አልነበረም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተሳሳተ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲጥል፣ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እትዬ ናቸው።

በመጨረሻ ተስማማን። የሰርቨሩን ግልባጭ በአሮጌ ማሽን ላይ አዘጋጅቼ መጣፊያውን እዚያ ጫንኩና አሳየኋቸው። ባክአፑን ገለበጥኩ፤ መገልበጡ ብቻ ስለማይበቃ መልሼ ከፍቼ አየሁት። ለድንገተኛ ክፍል የወረቀት ቅጽ ተዘጋጀ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ 6 ሰዓት ላይ፣ ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግሁት። እትዬ ጋቢያቸውን ለብሰው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

ባለቤቴ የደወለው በዚህ መሐል ነው። የሦስት ዓመቷ ልጃችን ትኩሳት ይዟታል። ሰርቨሩ ተነሥቷል፤ የደም መመርመሪያው ግን ዝም ብሏል። «እኔ አለሁ፣ ሥራሽን ጨርሺ» አለኝና ስልኩን ዘጋው። እንዲህ ለማለት ቀላል ይመስላል እንጂ፣ በእኔም በእርሱም በኩል ቀላል አልነበረም። 40 ደቂቃ ፈለግሁ። ሁለቱን የሚያገናኘው ፕሮግራም በራሱ አልተነሣም ኖሯል፤ በእጄ አስነሣሁትና የመጀመሪያው ውጤት ገባ። ሊነጋ ሲል ቤት ስደርስ የልጄ ትኩሳት በርዶ፣ አባቷ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል።

ራጅ ክፍል ያለው ማሽን በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2014 አቁሟል፤ የማሽኑ ሻጭም «ከነካችሁት ኃላፊነት አልወስድም» ይላል። ስለዚህ ገመዱን ነቅለን ከኔትወርኩ ለየነው። የራጅ ባለሙያው ምስሉን በሲዲ ይዞ ደረጃ በወጣ በወረደ ቁጥር ስሜን በደግ እንዳላነሣው አውቃለሁ።

ግንቦት 4 ቀን፣ ዓርብ፣ «ዋናክራይ» ተለቀቀ። በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ 300 ዶላር ጠየቀ። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ሥር ከነበሩት 236 የሆስፒታል ድርጅቶች ቢያንስ 80ው ተነኩ፤ ከ19,000 በላይ ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል፤ አንዳንድ ድንገተኛ ክፍሎችም አምቡላንስ ወደ ሌላ ቦታ መላክ ነበረባቸው። መጣፊያው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር።

እኛ ጋ ምንም አልሆነም። ቅዳሜ ጠዋት ዜናውን የሰማው አለቃችን «እኛስ?» አለኝ። ሰላም ነን አልኩት። «ታዲያ ያ ሁሉ ሌሊት ማደር ለምን አስፈለገ?» ብሎኝ ሄደ። እትዬ ሰምተው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

በሰኔ የመጣው «ኖትፔትያ» ደግሞ የይለፍ ቃል ጭምር እየሰረቀ የተጣፉትንም ማሽኖች ይሻገር ነበር። ሜርስክ የተባለው የመርከብ ኩባንያ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ጫነ። የሠራተኞቹንና የማሽኖቹን መግቢያ ፈቃድ የሚይዙት ሰርቨሮች በየአገሩ ሲጠፉ አንዱ ብቻ ተረፈ፤ እርሱም ጋና ውስጥ መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ውጭ የነበረው ነው። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው «አየሽ፣ መብራት መጥፋትም ይጠቅማል!» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ «የዚህ ወር መቼ ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ እርሳቸው ሆኑ። ዘንድሮ ጡረታ ወጥተዋል። ከመሄዳቸው በፊት ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር በየወሩ አንድ ቅዳሜን በቀይ እስክሪብቶ አክብበዋል። የተተካችው ልጅ ወጣት ናት። ባለፈው ሳምንት ካላንደሩን እያሳየች «ይኼ ክብ የምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።