ከፊልሙ የተቆረጠው

«ባለቀለሙ ሞልቶ ሳለ ጥቁርና ነጩ ምን ያደርግላችኋል?» ይሉናል የዶርም ጓደኞቻችን። አይፈረድባቸውም። ዛሬ ፍላሽ ይዞ ብቅ ያለ ተማሪ የዘንድሮውን ሆረር ፊልም በአምስት ደቂቃ አስጭኖ ይመለሳል። እኛ ግን ይህን ሴሚስተር፣ እዚሁ ሀዋሳ፣ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ፣ የአያቶቻችን እኩዮች የሆኑ አስፈሪ ፊልሞችን ስናይ ከረምን። ለጨዋታ ብለን ጀምረን በክርክር ጨረስነው። ክርክሩ ለአንባቢም ይጠቅም እንደሆነ ብለን ነው ይህችን መጫራችን።

ፊልምን እንደ ልብ ደጋግሞ ማየት ለኛ ትውልድ ብርቅ አይደለም። ታላላቆቻችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው በዴክና በካሴት ያዩ ነበር። ከዚያ ሲዲ መጣ፤ ከዚያ ፍላሽ። ከሁሉም በፊት ግን፣ አዲስ አበባ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል መታየት በጀመረበት ዘመን፣ ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ስሙን ልብ በሉልን። ላልገባን ነገር ቀድመን የምንሰጠው ስም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

የፊልሞቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መጀመሪያ ያየነው ሙርናው የተባለው ጀርመናዊ በ1922 ያወጣውን «ኖስፌራቱ»ን ነው። ድምፅ የለውም። ደም መጣጩ ደረጃ ሲወጣ የምናየው ጥላውን ነው፤ ጣቶቹ ግድግዳው ላይ ይረዝማሉ። ታሪኩ ከብራም ስቶከር «ድራኩላ» ያለ ፈቃድ የተወሰደ ስለነበር፣ የደራሲው ባለቤት ከስሳ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ወስኖ ነበር። የተረፉ ቅጂዎች ባይኖሩ እኛ ዘንድ ባልደረሰም።

ቀጥለን የ1942ቱን «ካት ፒፕል» አየን። ኢሬና የምትባል ስደተኛ ኒውዮርክ ውስጥ ትኖራለች፤ ከተሳምኩ ወደ ግስላ እለወጣለሁ ብላ ትፈራለች። ሌላዪቱ ሴት ማታ ብቻዋን ዋና ገንዳ ውስጥ ሳለች የውሃው ነጸብራቅ ግድግዳው ላይ ይርገበገባል፣ አውሬ ያገሳል። አውሬው ግን አይታይም። በቃ፣ ይኸው ነው! ጥቁርና ነጭ ግማሹን ሥራ ለተመልካቹ ይተዋል። ማታ እሳት ዳር የጭራቅና የአያ ጅቦን ተረት ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጨለማው ውስጥ ያለውን አውሬ የምንሥለው እኛው ነን።

ክርክሩ የተነሣው በ1931ዱ «ፍራንከንስታይን» ነው። የጄምስ ዌል ሥራ ነው፤ ፍጡሩን ሆኖ የሚጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ ነው። በመክፈቻው ዝርዝር ላይ ግን በተዋናዩ ስም ቦታ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ፍጡሩም ስም የለው፤ ሰው በሠሪው ስም ይጠራዋል። ይህ ፍጡር ሐይቅ ዳር ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ያገኛል። አትፈራውም። አበባ ትሰጠዋለች፤ ተራ በተራ ውሃው ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፍ ያያሉ። አበባው ሲያልቅበት፣ ልጅቱም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት አንሥቶ ይወረውራታል። ስትሰምጥበት ተደናግጦ ይሸሻል።

ይህ መጨረሻው በሳንሱር ተቆርጦ ለአሥርት ዓመታት ሳይታይ ቆየ። ሙሉው ለቤት ቪዲዮ የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። የተቆረጠውን ያዩ ሰዎች ያገኙት ፍጡሩ ወደ ልጅቱ እጁን ሲዘረጋ፣ ከዚያም አባትየው ሬሳዋን ታቅፎ ከተማ ሲገባ ነው። በመሀል የሆነውን ተመልካቹ በገዛ ሐሳቡ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ከሆነው የከፋ ነው። ሳንሱሩ ሰውን እጠብቃለሁ ብሎ ጭራቁን አከፋው። ከዚያማ ምን ቀረ? ችቦ፣ ውሻ፣ የሚነድ የነፋስ ወፍጮ።

ከመሀላችን አንዱ፣ እስከዚያች ማታ ስለ ቤተሰቡ ብዙ የማያወራ ልጅ፣ «እኔ ይህን ሕዝብ አውቀዋለሁ» አለ። አያቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። በገበያ ቀን ጀበናቸውን የማይገዛ የለም፤ ቡናው ሲፈላ ግን እሳቸው አይጠሩም። ሕፃን በታመመ ቁጥር «ማን አይቶት ነው?» ይባልና ዓይን ሁሉ ወደ ደጃቸው ይዞራል። ማታ ጅብ ከጮኸም እሳቸው ናቸው ይባላል። «እናንተ የምትሰሙት የተቆረጠውን ነው፤ እኔ ሙሉውን አውቀዋለሁ» አለን።

ሌላው ወዳጃችን አልተዋጠለትም። «ፊልሙ ውስጥ እኮ ልጅቱ ሞታለች! ያንተ አያት ማንን ገደሉ?» አለው። ልክ ነው፤ ፍጡሩ በእጁ የጠፋ ነፍስ አለ፣ በአያት እጅ ምንም የለም። ይህ ግን ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ለአንዱ ችቦ የተለኮሰው ሆኖ ባለፈ ነገር ነው፤ ለሌላዪቱ ከወሬ በቀር ምንም ሳይኖር። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው መስደብ እንዲቀር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እዚሁ ሲዳማ ምድር ሀዲቾ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችም ለረጅም ዘመን ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ማረሻውን፣ ጀበናውን፣ ምጣዱን ከሠሪው እጅ እየወሰዱ ሠሪውን ጅብ ማለት፣ ኧረ ምን ዓይነት ሆረር ይወጣዋል?

የመጨረሻው ፊልማችን የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነበር፤ 1968። ርእሱ ሲለወጥ የባለቤትነት ምልክቱ ሳይገባበት በመቅረቱ አሜሪካ ውስጥ ማንም እንደ ልቡ የሚያባዛው ፊልም ሆነ። ቤን የሚባለው ጥቁር ሰው የሚራመዱ ሙታን በከበቡት ቤት ውስጥ ሌሊቱን ተዋግቶ ያድራል። ሲነጋ የደረሱት ታጣቂዎች በመስኮት ሲያዩት ከሙታኑ አንዱ ነው ብለው ግንባሩን ይሉታል። ቀርቦ «ማነህ?» ያለው የለም። ከጭራቅ ያመለጠው ከሰው አላመለጠም። ላፕቶፑን ከዘጋን በኋላ ብዙ አላወራንም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ፊልሞች እዩ የምንልህ ለጭራቆቹ ብለን አይደለም፤ ጭራቆቹማ ዛሬ ሕፃን አያስደነግጡም። ዓይንህን ከጀርባ በሚመጣው ሕዝብ ላይ ጣል፤ ችቦውን ማን እንዳደለ፣ ማንስ ምን አይቶ እንደተቀበለ ጠይቅ። እኛ በበኩላችን ፈተናው ሲያልቅ ከዚያ ልጅ ጋር ወደ አገሩ ልንሄድ ተስማምተናል። ስኳሩን እኛ እንይዛለን፤ ቡናው የሚፈላው አያቱ ቤት፣ በራሳቸው ጀበና ነው።