ጉልበት ከመጨመርህ በፊት፦ ስለ አንዲት ጣሪያ አልባ ትንሽ መኪና



ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «የሦስት ልጆች አባት ሆነህ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነ መኪና ምን ታደርግልሃለች?» ይሉኛል። አንዳንዱ ለቀልድ ነው፣ አንዳንዱ ግን ከልቡ ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ነገሩ ስለ እኔ መዝናኛ ብቻ አይደለም። ለልጆቻችን መኪና ስንመርጥ የምናስብበትን መንገድም ስለሚነካ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መኪናዋ ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ትባላለች። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ሰው የሚያውቃት ሚያታ በሚለው ስሟ ነው። የእኔዋ በፈረንጆቹ 1991 የተሠራች፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳ፣ የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ብቅ የሚሉ፣ ሲጠፉ ደግሞ ተመልሰው የሚተኙ ናት። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 116 የፈረስ ጉልበት ነው። ዛሬ ብዙ ተራ የቤተሰብ መኪና ከዚያ የበለጠ ጉልበት አለው። ታዲያ ምኗ ይወደዳል?

መልሱ ክብደቷ ላይ ነው። አንድ ሺህ ኪሎ አትሞላም። አሁን በየመንገዱ የምናያቸው ትልልቅ የቤተሰብ መኪኖች ሁለት ሺህ ኪሎ ይጠጋሉ፣ ያልፉምም።

ታሪኳን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1960ዎቹ እንግሊዞች እንደ ሎተስ ኤላን፣ ኤምጂቢና ትራያምፍ ስፒትፋየር ያሉ ትንንሽና ጣሪያ አልባ የስፖርት መኪኖችን በብዛት ይሠሩ ነበር። ሰው ይወዳቸው ነበር፤ ነገር ግን ዘይት ማፍሰሳቸውና የኤሌክትሪክ ብልሽታቸው የታወቀ ነበር። ኤምጂቢና ስፒትፋየር በ1980 ማምረቻቸው ቆመ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ የማዝዳ የምርምር ኃላፊ ለነበሩት ለኬኒቺ ያማሞቶ፣ «እንደዚያ ያለች ቀላልና ርካሽ መኪና ለምን አትሠሩም?» የሚል ሐሳብ አቀረበላቸው። ሐሳቡ ዓመታት ፈጅቶ በኢንጂነር ቶሺሂኮ ሂራይ መሪነት ተሠራና በየካቲት 1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ታየ። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች።

ሠሪዎቿ መመሪያ ያደረጉት «ጂንባ ኢታይ» የሚል የጃፓን አባባል ነው። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይህን ለእኛ ማስረዳት አይከብድም። አገር ቤት ፈረስ ሲጋልብ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጥሩ ፈረሰኛ ልጓሙን አይጎትትም፣ በጉልበቱ ይነካዋል፣ ፈረሱም ይሰማዋል። አባቶቻችን ደግሞ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። መኪናም እንደዚያው ነው። ማድረስ የእሱ ነው፣ ውሳኔው ግን የነጂው ነው።

እንግዲህ የዛሬው ዋና ሐሳቤ ይህ ነው፦ ጥሩ መኪና ማለት ለነጂው እውነቱን የሚነግር መኪና ነው። በዚህች መኪና 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትነዱ 50 መሆኑን ሰውነታችሁ ያውቃል። ነፋሱ ይነግራችኋል፣ መሪው ይነግራችኋል፣ የአስፋልቱ ስንጥቅ ወንበሩ ድረስ ይሰማል። ከባድና ጸጥ ያለ አዲስ መኪና ውስጥ ግን 130 ላይ ሆናችሁ ሳሎን የተቀመጣችሁ ይመስላችኋል። መኪናው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ምቾቱ ፍጥነቱን ስለሚሸፍን ነው። የተፈጥሮ ሕግ ግን አይሸፈንም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ጓደኛ የነበረ ወጣት በሌሊት በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ ከመንገድ ወጥቶ ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት። መኪናው አዲስ ነበር፣ ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም። ጀናዛው ላይ አባቱ ሲቆም ያየ ሰው ስለ መኪና ጉልበት እንደ ቀልድ ማውራት ይከብደዋል።

የእህቴ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው። ይህችን መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነው የምንሠራት። አንድ ቀን በሥራ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ መጣና «አጎቴ፣ ቱርቦ እናስገባላት፤ ጉልበቷን እጥፍ እናድርገው» አለኝ። አልተቆጣሁትም። ወጣትን በቁጣ ከመለስከው የሚፈልገውን ሌላ ቦታ ሄዶ ያደርገዋል። ይልቅ ወረቀት አወጣንና አብረን መጻፍ ጀመርን። ቱርቦ ሲገባ ሞተሩ ይበልጥ ይሞቃል፤ ስለዚህ ራዲያተሩ መቀየር አለበት። ፍሪሲዮኑ አይችልም፣ ይቀየራል። ፍሬኑ ለድሮው ፍጥነት የተሠራ ነው፣ እሱም ይቀየራል። የነዳጅ አሰጣጡ እንደ አዲስ መስተካከል አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ የምናገኘው ምንድን ነው? ከበድ ያለች፣ እንደ ድሮዋ ቶሎ እውነቱን የማትናገር መኪና።

ከዚያ ሌላ ገጽ ገለጥንና ያለውን የመጠበቅ ዝርዝር ጻፍን። እዚህ ላይ የተማርነውን ላካፍላችሁ፤ አብዛኛው ለማንኛውም መኪና ይሠራል።

አንደኛ፣ ውሃ። የተለመደ መኪና ጣሪያው አካሉን አጥብቆ ይይዛል። ጣሪያ አልባ መኪና ግን ጥንካሬዋ ያለው ከታች፣ በተለይ ከበሩ ሥር ባለው ብረት ነው። በዚህች መኪና ጨርቁ ላይ የወረደ ዝናብ ከወንበሮቹ ጀርባ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ ከመኪናዋ ሥር ይወጣል። ቀዳዳው በቅጠል ከተደፈነ ውሃው ውስጥ ይቀርና ያንን ብረት ከውስጥ ያዝገዋል። ከውጭ ቀለሙ እያማረ ውስጡ ያልቃል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ኩባያ ውሃ ቀስ ብሎ ማፍሰስና ከሥር መውጣቱን ማየት። ከተደፈነ በለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ይጠረጋል፤ በሹል ሽቦ ከተወጋ ቱቦው ይቀደዳል።

ሁለተኛ፣ ላስቲክ። ብረት በአጠቃቀም ያልቃል፤ ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል። የራዲያተር ቱቦ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የፍሪሲዮን ፓምፕ ጎሚኒ፣ የሞተር ክዳን ጓርኒሲዮን ሁሉ ዕድሜ አላቸው። የሞተሩ ቺንጋ በ60,000 ማይል፣ ማለትም በ96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል። ሥራው አንድ አካባቢ ስለሆነ የውሃ ፓምፑንም አብሮ መቀየር ተለምዷል።

ሦስተኛ፣ የፍሬን ዘይት። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የሳበ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲሞቅ ቶሎ ይፈላና አረፋ ይፈጥራል፤ ያኔ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ልማድ ይሁን።

አራተኛ፣ የጎማ ዕድሜ። ይህን ልብ በሉ። ብዙ ጎማ ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥሮች አሉ። 3519 የሚል ካያችሁ በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ትንሽ የምትነዳ መኪና ጎማዋ ጥርሱ ሳያልቅ ይደርቃል። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ያምራል፤ በዝናብ ቀን ግን አይይዝም።

ከዚህ በኋላ ነው ለውጥ የሚባለው የሚመጣው። በእኛ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ጥሩ ጎማ ነበር፤ መኪና ከመሬት ጋር የሚገናኘው መዳፍ በሚያክሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነውና። ቀጥሎ የፍሬን ሸራ፣ ቀጥሎ አዲስ ሾክና የጎማ አላይመንት። ቸርኬውን አላሰፋነውም። ከባድ ቸርኬ ሞላው ላይ የማያርፍ ክብደት ስለሚጨምር መኪናዋ በሻካራ መንገድ ላይ ትዘላለች። ለመልክ ብለንም አላወረድናትም። በጣም የወረደች መኪና ሾኳ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል። ማርሚታዋንም አልነካነውም፤ ሱብሒ ላይ ጎረቤት ቀስቅሶ ጉልበተኛ መባል ምን ይጠቅማል?

ትልቁን ገንዘብ ያወጣነው ከወንበሮቹ ጀርባ በሚቆም ወፍራም የብረት ቅስት ላይ ነው። መኪናዋ ብትገለበጥ ጭንቅላትን የሚጠብቀው እሱ ነው። ነገር ግን በትክክል መታሰር፣ ጭንቅላት ሊነካው በሚችልበት ቦታ ጠንካራ ስፖንጅ መልበስ አለበት። ቀበቶ ካልታሰረ ደግሞ ቅስቱ ራሱ አደጋ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ይህም ሁሉ ተደርጎ በግጭት ጊዜ ከአዲስ መኪና ጋር አትወዳደርም። የእኔዋ የአየር ከረጢት ያላት ለነጂው ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በቤተሰቡ መኪና ነው። ይህችኛዋ ለቅዳሜ ጠዋት ናት።

ቅዳሜ ጠዋት የምንሄደው በቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ስካይላይን ድራይቭ ነው። በተራራ ጫፍ ላይ 105 ማይል የሚረዝም መንገድ ነው፤ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የስፖርት መኪና በ56 ኪሎ ሜትር ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እዚያ ነው ነገሩ። በዚህች መኪና 56 ይበቃል። ከመታጠፊያው በፊት፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሳለች ፍሬን ትይዛለህ፤ ማርሽ ትቀንሳለህ፤ ዓይንህን መውጫው ላይ ታሳርፋለህ፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ነዳጅ ትሰጣለህ። የምትገፋው በኋላ እግሮቿ ስለሆነ፣ እርጥብ መንገድ ላይ መታጠፊያ መሐል ድንገት ነዳጅ ከለቀቅህ ጀርባዋ ሊንሸራተት ይችላል። የሚያርምልህ ኮምፒውተር የለም። አጋዘንና ድብ መንገድ ያቋርጣሉ። ስለዚህ ስልክ አይነሳም፣ ሐሳብ አይባዝንም። የጥድ ሽታ፣ የወፍ ድምፅ፣ ሸለቆው ላይ የተኛው ጉም ሁሉ አንተ ጋ ይደርሳል። ከዚያ የምመለሰው አእምሮዬ ታጥቦ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

የእህቴ ልጅ ግን ወጣት ነው፤ 56 አይበቃውም። ፍጥነት መፈለጉን መካድ አይቻልም፤ ቦታ መስጠት ግን ይቻላል። እዚህ አገር በሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ምልክቶች ተደርድረው፣ አንድ መኪና በየተራ በሰዓት እየተለካ የሚነዳበት ውድድር አለ። ራስ ቁር ይደረጋል፣ መኪናው አስቀድሞ ይፈተሻል። የሚጋጨው ነገር ቢኖር ፕላስቲክ ነው። ወሰድኩት። በመጀመሪያው ቀን ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት እናት፣ ያው ዓይነት መኪና፣ ያው ሞተር፣ ምንም ለውጥ ያልተደረገባት ይዘው በአራት ሰከንድ በለጡት። ሲመለስ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አጎቴ፣ የጎደለው መኪናዋ ላይ አይደለም» አለ። ስለ ቱርቦ ከዚያ በኋላ አላነሳም።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ስጽፍ ሁላችሁም ጣሪያ አልባ መኪና ግዙ እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ ቪትዝ የምትነዱም፣ እዚህ ኮሮላ ያላችሁም፣ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በትልቅ መኪና ረጅም መንገድ የምትሄዱም፣ ነገ ጠዋት የጎማችሁን አራት ቁጥር አንብቡ። የፍሬን ዘይታችሁ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ልጃችሁ መኪና ሲጠይቃችሁ «ስንት ጉልበት አለው?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ሰዓት ተለማምደሃል?» በሉት። ከተቻለም አንድ ቅዳሜ አብራችሁት ኮፈን ክፈቱ። እጁ ዘይት የነካ ልጅ መኪና ብረት መሆኑን፣ ብረትም እንደሚደክም ያውቃል።

ጉልበት በገንዘብ ይገዛል። ጥንቃቄ ግን ከመንዳትና ከመጠገን እንጂ ከሱቅ አይገኝም። መንገዳችሁን ሁሉ ሰላም ያድርግላችሁ።