መሪው ቢጣመም የሚታከመው እግሩ ነው

ትኩሳት በሽታ አይደለም፤ የበሽታ ምልክት ነው። ይህን የተማርነው ገና የነርስነት ትምህርት ስንጀምር ነው። ወባ የያዘውን ልጅ ፓራሲታሞል ብትሰጡት ትኩሳቱ ይበርዳል። ያልበዋል፣ ፊቱ ፈካ ይላል፣ እናቱም «ተመስገን» ብላ ወደ ቤቷ ልትመለስ ትነሣለች። ወባው ግን ከደሙ አልወጣም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ስሠራ ይህን ለስንት እናት እንደነገርኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለመካኒክ እነግረዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

የቤታችን መኪና አሮጌ ቪትዝ ናት። የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት የምታደርሰውም የምትመልሰውም እሷው ናት። የፊት እግሯ መንኳኳት ሲጀምር ልጄ ጋራዥ አስገባት። መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ጫፋቸው አልቆ ስለነበር ተቀየረ። ስትወጣ ድምፁ ጠፍቷል። ነገር ግን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ በማግስቱ ልጆቹን ይዘን ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ልንሄድ ተዘጋጅተናል።

ወደ ጋራዡ ተመለስን። ወጣቱ መካኒክ፣ «ሲስተር፣ ይሄማ ቀላል ነው። መሪውን ነቅዬ ቀጥ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። ልጄም ቸኩሏል፤ «እማዬ፣ ይሥራውና እንሂድ» ይለኛል።

«ልጄ፣ ቅድም ስትሠራ መሪውን ነቅለኸው ነበር?» አልኩት መካኒኩን።

«ኧረ አልነካሁትም።»

«ታዲያ ያልነካኸው ነገር ምን አጣመመው?»

ሳቅ አለና ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ሥር ማየት ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪው ሲዞር ጎማዎቹን የሚገፉና የሚስቡ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ጫፋቸው እንደ ቡሎን ጥርስ ስላለው ሲዞር ይረዝማል፣ ያጥራል። አዲስ ጫፍ ሲገባ የአንዱ ርዝመት ከቀድሞው ጥቂት እንኳ ከተለወጠ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ የምትሄደው መሪው ተጣሞ ሲያዝ ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱም እዚያው ዘንጉ ላይ ነው። መሪው ቀጥ ተደርጎ እንዳይዞር ይታሰራል፤ ከዚያ ግራና ቀኙ በአላይመንት ማሽን እየተለካ ይስተካከላል። ሁለቱ ጎማዎች እርስ በርሳቸው ልክ ሆነው መሪው ብቻ ከተዛነፈ፣ አንዱን ዘንግ ባስረዘሙት መጠን ሌላውን ማሳጠር ነው።

መሪውን ነቅሎ መመለስ ግን ትኩሳት ማብረድ ነው። ለዓይን ቀጥ ይላል፤ የጎማዎቹ አቅጣጫ ግን እንደተበላሸ ይቀራል፣ ጎማውም በአንድ ጠርዙ በኩል ያልቃል። መኪናዋ ወደ አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ አጥራ ትታጠፋለች። ከሁሉም የሚያሳስበው ኤርባጉ ነው። ከመሪው ሥር ለኤርባጉ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ የተጠቀለለ ስስ ሽቦ አለ። መሪው ሲነቀል ይህ ሽቦ ከመሐሉ ከተንሸራተተ፣ አንድ ቀን መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ይበጠስና ኤርባጉ በግጭት ሰዓት ላይከፈት ይችላል። መሪውን ነቅሎ ማስተካከል ተገቢ የሚሆነው፣ ቀድሞ ራሱ ተነቅሎ በስሕተት የገባ እንደሆነ ነው። መካኒኩን መጀመሪያ ያንን የጠየቅሁትም ለዚህ ነበር።

ጉዟችን በአንድ ቀን ተላለፈ። ልጆቹ አኮረፉ፤ እህቴም ዶሮው ተሠርቶ ሲጠብቅ «ምን ሆናችሁ ነው?» እያለች ስትደውል ዋለች። አላይመንት የሠራው ባለሙያ የሰጠን ወረቀት ግን መልሱን ይዞ ነበር። ከመስተካከሉ በፊት የተለካው የፊት ጎማዎች አቅጣጫ ከልክ ውጪ ነበር። መሪው ብቻ ተነቅሎ ቢመለስ ኖሮ ችግሩን ሸፍነን፣ ልጆቹን ከኋላ ጭነን ነበር የምንሄደው።

እናንተም መኪናችሁ የፊት እግሯ ተሠርቶ ስትወጣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሯት። የፊት ጎማዎቹ ንፋስ ግራና ቀኝ እኩል ይሁን። ሜዳ በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ መሪውን ሳትጨብጡ ዘና አድርጋችሁ ያዙት። መሪው ተጣሞ መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄዷና መኪናዋ ራሷ ወደ አንድ ጎን መሳቧ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ያያችሁትን ለይታችሁ ንገሩት። መንገድ ውኃ እንዲያወርድ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ ጥቂት ወደ ቀኝ ብትሳብ አትደንግጡ፤ በሌላ መንገድም ሞክሩ። አላይመንት ከተሠራ በኋላ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ የተለካውን ወረቀት ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይባልም። ዛሬ ወደ ግራ የነበረው መሪ ነገ ወደ ቀኝ ከዞረ ወይም እየላላ ከመጣ፣ ያልጠበቀ ዳዶ ሊኖር ይችላል። ጉድጓድ መትታችሁ መሪው ድንገት ከተጣመመም የታጠፈ ነገር ሊኖር ይችላል። እንዲህ ባለችው መኪና ልጅ አትጫኑባት፤ አቁሟትና መካኒኩ ወዳለችበት ይምጣ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። መካኒኩን አትቆጡት፣ አትፍሩትም። «ምን ነካህ? ምን ለወጥህ?» ብላችሁ በእርጋታ ጠይቁት። ጎበዝ ባለሙያ ይህን ጥያቄ አይጠላም።