ዋሂል ለቅሶ የምትሄዱ አላችሁ?

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ወጣት ሞት ብዙ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙን ማውጣት የቤተሰቡ መብት ነው። ከድሬ ገጠር፣ ከዋሂል የመጣ ልጅ ነው። ከተማ ባጃጅ ይነዳ ነበር፣ ሃያዎቹን እንኳ አልጨረሰም። ማታ ሲሠራ ያዩት ሰዎች ጠዋት ጀናዛው ወደ አገሩ መሄዱን ሰሙ። ከኛ ውስጥ ዘመዱ የሆነ የለም። ደንበኞቹ ነን፣ አብረነው ተራ የምንጠብቅ ሾፌሮች ነን፣ ከፊራ ገበያ ዕቃችንን የሚያወርድልን ነጋዴ ሴቶች ነን። እኔ ስልኬ ላይ «ባጃጅ ዋሂል» ብዬ ነው የያዝኩት፤ ብዙዎቻችሁም እንደዚያው።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለእናት፣ ለወንድም፣ ለጎረቤት፣ ለዕድርተኛ በለቅሶ ቤት ቦታቸው ይታወቃል። «ሰላም ብቻ እንባባል ነበር» የሚል ሰው ግን የት ይቀመጥ? ማዘኑን ራሱ ያፍርበታል። «እኔ ምን ቤት ነኝ?» ይላል። ሥራው ይበላሻል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ለምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ግን የለም። ዘመድ በዓመት አንዴ በዓል ሲመጣ ይጠያየቃል፤ ይህን ልጅ ግን በየጠዋቱ ነበር የምናየው። ቀናችን የሚጀምረው በእሱ ሰላምታ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ሲቀር ውስጥ መጉደሉ ያለ ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም።

ድሬ ይህን ታውቅ ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ «ለሟቹ ምን ትሆነዋለህ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሙስሊሙ ክርስቲያኑ ቤት፣ ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ቤት ሲገባ ነበር። መረዳጃው አፎቻም ዕድሩም ድንኳኑን አንድ ላይ ነው የተከለው።

አሁን መጀመሪያ የምንሰማው ጥያቄ «ምን ሆኖ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ከፍርሃት እንደሚመጣ ይገባኛል። ወጣት ሲሞት ምክንያቱን የምንፈልገው «እኔን አያገኘኝም» ለማለት ነው። ችግሩ መልስ ሲታጣ ወሬ መተካቱ ነው። ጫት ነው፣ ሰው አጉርሶት ነው፣ ዓይን በልቶት ነው ይባላል፤ ወሬውም ዞሮ ዞሮ እናቱ ጆሮ ይገባል። ጤነኛ የሚመስል ወጣት በድንገት የሚሞትባቸው የታወቁ ምክንያቶች አሉ። ካሜሩናዊው እግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዬ በሰኔ 2003 እ.ኤ.አ. ሊዮን ላይ ዓለም እያየው ሜዳ ውስጥ ወድቆ ሞተ፤ 28 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ጡንቻ ከተፈጥሮው የወፈረ ሆኖ ተገኘ። በእኛ አገር ደግሞ በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ቀስ ብሎ የልብን ቫልቭ የሚያበላሽባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። በጊዜ የታወቀለት በየወሩ በሚወጋው ፔኒሲሊን ይጠበቃል፤ ያልታወቀለት ደግሞ ሲደክመው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያለ ይኖራል። እህት ወንድሞቻችሁ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ዛሬውኑ አሳዩአቸው። የዋሂሉን ልጅ ግን ተዉት። ተቀብሯል። ምክንያት ፍለጋው ለእናቱ የሚጨምርላት ነገር የለም።

ሁለተኛው ነገር መርዶ ነው። አባቶቻችን መርዶን ሥርዓት ያበጁለት አለምክንያት አይደለም። ሌሊት አይነገርም። ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም። የሚቀርቡት ተሰብስበው፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ ማልደው ነው የሚነግሩት። በእስልምና ቀብር ስለሚፈጥን ዜናውም ይፈጥናል፤ ያም ሆኖ እናትን በስልክ ማርዳት ነውር ነው። ፌስቡክ ይህን ሁሉ አፈረሰብን። ጅግጅጋ የተወለደው ድምፃዊ ኢዮብ መኮንን ለሕክምና ናይሮቢ ሄዶ ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ድምፃዊ ማዲንጎ አፈወርቅም በ2015 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት በድንገት ሲለየን፣ ብዙዎቻችን የሰማነው ከስልክ ላይ ነው። እነሱ የሕዝብ ሰዎች ናቸውና ሕዝብ አለቀሰላቸው። የባጃጅ ሾፌር ፎቶ ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከነስሙ ሲለጠፍ፣ አረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህቱ ማታ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ስትከፍት ብቻዋን ታየዋለች። የሚይዛት የለም። እባካችሁ፣ ቤተሰቡ መስማቱን ሳታረጋግጡ የማንንም ፎቶ አትለጥፉ። ለጥፋችሁም ከሆነ አሁኑኑ አውርዱት።

በሙስሊሙ ለቅሶ፣ በተዝያው ላይ ዋሂል ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ዋሂል ከድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ነው። የማሽላና የፍየል አገር ነው፤ ዝናብ ሲቀር ወጣቱ ወደ ከተማ ይወርዳል። ወላጆች ልጃቸውን የሚያውቁት እስከሚሄድበት ቀን ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቁት በሚልከው ገንዘብ ልክ ነው። እኛ ስንደርስ ወንዶቹ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብለን ተቀመጥን። የሚባለው ይኸው ነው፣ ከዚያ በኋላ ዝም ይባላል። አባትየው ግን ዝም አላሉም። «ከተማ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁን። ማን እንደሆንን፣ በምን እንደምናውቀው አልጠየቁም። የሚያውቁት ልጃቸው አሥራ ስምንት ዓመት ላይ ቆሟል፤ ቀሪውን ከእኛ ፈለጉ።

አብሮት ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ተናገረ። አሮጊቶችን በነፃ እንደሚያደርስ፣ አንዴ ተሳፋሪ የረሳውን ቦርሳ ይዞ ግማሽ ቀን ባለቤቱን እንደፈለገ፣ ስግደት ሲደርስ ባጃጁን የትም አቁሞ እንደሚገባ ነገራቸው። አንዲት የከፊራ ነጋዴ «እኔን እማ ነው የሚለኝ» አለች፣ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። ሽማግሌው አንዱንም ሳያቋርጡ ሰሙ። «ድገመው» ያሉት ነገርም ነበር። እናቱ ከውስጥ ሆነው እየሰሙ እንደነበር በኋላ ነገሩን።

የትውውቅ ሐዘን ቦታው እዚህ ነው። «ምን ቤት ነኝ?» ለምትሉ መልሱ ይህ ነው፦ ቤተሰቡ የሌለው የሟቹ ዕድሜ እናንተ ጋ አለ። ሳትነግሯቸው ከቀራችሁ ያ ዕድሜ አብሮት ይቀበራል። እዚህ ገጽ ላይ የተጻፈው «ነፍስ ይማር» ሁሉ ዋሂል አይደርስም፤ ለእነዚያ አባት የሚያነብላቸው የለም። ጎበዝ ተናጋሪ መሆን አያስፈልግም። አንድ የምታስታውሱት ነገር ይበቃል።

ባዶ እጅ መሄድ የሚከብዳችሁ ምግብ ያዙ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በሙእታ ጦርነት ላይ ሲወድቅ ነቢዩ ሙሐመድ ያዘዙት ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራ ነበር፤ ሐዘንተኛ እሳት አያነድም። እኛ ክርስቲያኖቹም ንፍሮና ቡና ይዘን የምንገባው ለዚያው ነው። ሦስቱ የተዝያ ቀን አለፈ ብላችሁ አትቅሩ። ሰው የሚጠፋው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው፣ ቤቱም ባዶ የሚሆነው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አቦ፣ ይህን ደግሞ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። በእስልምና ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሟች ዕዳ ይከፈላል። ለእሱም የምንከፍለው አለ፤ ይህ ልጅ በዱቤ የሚጭን ሰው ነበር። «ነገ እሰጥሃለሁ» ብላችሁት የወረዳችሁ ትኖራላችሁ። ያ ገንዘብ አሁን የወራሾቹ ነው፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ አድርሱላቸው። እቁቡን የያዛችሁም የደረሰበትን ለቤተሰቡ አስረዱ። እሱ ከእናንተ የተበደረው ደግሞ ካለ፣ ይቅር የምትሉትን ለአባቱ በአፋችሁ ይቅር በሉ፣ ይቅር የማትሉትንም ተናገሩ፣ ሳይታወቅ ከሚቀር ይሻላል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዋሂል የምንሄድ አለን፤ መኪና ተገኝቷል። መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መቀመጫ አለ። መሄድ የማትችሉ ስለ እሱ የምታስታውሱትን በድምፅ ቅዱና ላኩልኝ፤ ለአባቱ አሰማቸዋለሁ።