400 ሜትር ለመሄድ ሁለት ዓመት

እናቴ ቦሌ ስትሸኘኝ የሰጠችኝ መልእክት አጭር ነበር። “ያንን ሞተር ሽጥ በለው።” ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ለልጆቹ የተገዛ የሀገር ልብስ አለ። ለታላቅ ወንድሜ የያዝኩለት ግን ይህንን ትእዛዝ ብቻ ነበር።

ወንድሜ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የተያያዘች፣ እንጀራ ከሱቅ የሚገዛባት፣ መንገድ ላይ አማርኛ መስማት የማያስገርምባት ከተማ ናት። የቤቱ ጋራዥ ውስጥ መኪና የለም። ሁለቱም መኪኖች ደጅ ዝናብ ይመታቸዋል። ጋራዡን የያዘው አንድ ጥቁር ሞተር ሳይክል ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ከኋላው የረዘመ፣ ታርጋ የሌለው።

ሱዙኪ ሀያቡሳ ይባላል። ሀያቡሳ በጃፓንኛ በፍጥነቱ የታወቀ የጭልፊት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ሞተሩ 1,299 ሲሲ ነበር፤ በ2008 ወደ 1,340 አደገ። ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ምንም ሳይነካ፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል።

“ይሄ አንሶህ ነው?” አልኩት።

“ለመንገድማ ይበዛል” አለኝ። “መንገድ ላይ አልነዳውም።”

የሚነዳው በድራግ ውድድር ሜዳ ብቻ ነው። ሁለት ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መብራት ይበራል፣ ቀጥ ያለ 402 ሜትር ይሮጣሉ፣ አለቀ። መታጠፊያ የለ፣ ዙር የለ። ሰፈሬ ያለ ታክሲ ከአንድ ፌርማታ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚሄዳት መንገድ ናት። ለእሷ ሲል ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑዱን ጋራዥ ውስጥ አሳልፏል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ አባታችን መመለስ ነበረብኝ። አባዬ የኤንትሬ ሾፌር ነበር። ያ የድሮው ፊያት 682 ኤን 3 የደሴን መስመር ጭነት ይዞ ሲመለስ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወስደውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነበር የሚወጣው። ልጆች ሆነን ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠን “ለምን ቀስ ይላል?” ስንለው፣ አባዬ “አየር አጥሮት ነው” ይለን ነበር። እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ ግን አልረሳውም።

ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ አንዱ መድኃኒት ቱርቦ ነው። አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው በ1905 ነበር። በማርሚታ የሚወጣው ጭስ ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ደግሞ ከውጭ አየር ስቦ፣ ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል።

“የኤንትሬው ጭስ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ነበር የሚሄደው” አለኝ ወንድሜ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለውን ብረት እየጠረገ። “እኔ ጭሱን ሥራ አስገባሁት።”

ቱርቦውን መግጠም ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው አለኝ። ከባዱ ሞተሩን ለዚያ ሁሉ አየር ማዘጋጀት ነው። ፒስተኑን ከታች የሚይዙት ቢዬላዎች በጠንካሮች ተለወጡ። ፒስተኖቹ ራሳቸው አየሩን በመጠኑ ብቻ በሚያምቁ ሌሎች ተተኩ፤ ቱርቦው አስቀድሞ ስላመቀው። ፍሪሲዮኑ ያንን ጉልበት እንዳይለቅ ተጠናከረ። የተጠቀጠቀ አየር ስለሚሞቅ፣ በውሃና በበረዶ የሚያቀዘቅዘው ሳጥን ተጨመረ። አዎ፣ ቤታችን ለስላሳ የምናቀዘቅዝበት ዓይነት በረዶ። የፊት ጎማው እንዳይነሳም የኋላ ጎማውን የሚይዘው ሹካ ረዘመ።

አየር በጨመረ ቁጥር ነዳጅም መጨመር አለበት። ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። አምና የድሮው የነዳጅ ፓምፕ ይበቃል ብሎ ሮጠ። አየሩ በዝቶ ነዳጁ ሲያንስ እሳቱ ከልክ በላይ ጋለና አንዱ ፒስተን አናቱ ላይ ቀልጦ ተበሳ። ያ ፒስተን ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ የወር ሂሳብ ደረሰኞች ላይ እንደ ድንጋይ ጭናዋለች። ማስታወሻ መሆኑ ነው። የእሷ ሕግ ሦስት ነው፦ ሞተሩ ታርጋ አይወጣለትም፣ የሕይወት መድኅኑ ሳይከፈል ዕቃ አይገዛም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ዝግጅት ባለበት ቀን ውድድር የለም።

የእናቴን መልእክት የነገርኩት በዚያው ምሽት ነው። መልስ አልሰጠኝም፤ የእጅ ባትሪውን አቀበለኝና እንዳበራለት ጠየቀኝ። ወንድሜ አገር ቤት መካኒካል ምህንድስና ነው የተማረው። እዚህ ፓርኪንግ ይሠራል። ቆይቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ “ቀኑን ሙሉ የቆመ መኪና ነው የምጠብቀው” አለ።

አርብ ከሰዓት ሞተሩን ተጎታች ላይ አስረን ወደ ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ሄድን። ቦታው በደቡብ ሜሪላንድ፣ በድስ ክሪክ የሚባል አካባቢ ነው። የሕንፃው ጫካ አልቆ እርሻ ሲጀምር፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ፈረስ የሚስበው ጥቁር ጋሪ አየሁ። መኪና የማይነዱት የአሚሽ ማኅበረሰብ አባላት እዚህ ይኖራሉ። በአገሪቱ ፈጣን ከሚባሉት ሞተሮች አንዱን እየጎተትን አንድ ፈረስ እስኪያልፍ ጠበቅን።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ የጆሮ መከላከያ አትርሱ። እኔ ረስቼ በሶፍት ነው የጠቀጠቅኩት። የጎማ ሽታ፣ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ፣ አጫጭር ወንበር ይዘው የመጡ ቤተሰቦች፤ ድባቡ ከውድድር ይልቅ ሽርሽር ይመስላል። ተመልካቹ ሞተሮቹ የሚጠገኑበት ቦታ ድረስ ገብቶ ይጠይቃል፤ ማንም አይቆጣም።

የመጀመሪያው ሩጫ ላይ የፊት ጎማው ተነሳ፤ ወንድሜ ነዳጁን ቀነሰ። በሁለተኛው መሀል ሜዳ ላይ “ፓ!” የሚል ድምፅ ተሰማ። የወንድሜ ሚስት ክንዴን ጨበጠችኝ። የአየር ቱቦ ብቻ ነበር የወለቀው። ቱቦው እስኪታሰር ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ እሷ ግን ክንዴን ቶሎ አልለቀቀችም።

ሦስተኛው ሲደርስ መሽቶ አየሩ ቀዝቅዟል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ወፍራም ነው። ወንድሜ የቆዳ ልብሱን ዘጋ፣ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ከሰውነቱ ጋር አሰረ። የኋላ ጎማውን ባለበት አሽከርክሮ አጋለው። ቢጫ መብራት፣ አረንጓዴ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ቀይ የኋላ መብራት ሲያንስ ብቻ ነው።

ማስታወቂያ ነው ሥራዬ። ቁጥርን ማሳመር እችላለሁ። ከሜዳው የሚሰጡት ትንሽ ወረቀት ግን ለማሳመር አይመችም፦ የመጀመሪያው 18 ሜትር 1.48 ሰከንድ፣ ሙሉው 8.71 ሰከንድ፣ መጨረሻው ላይ በሰዓት 259 ኪሎ ሜትር። ወንድሜ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሚስቱ መጀመሪያ ያየችው ግን እጁን ነበር፤ ይንቀጠቀጣል።

ቤት ስንደርስ እኩለ ሌሊት ሆኗል፤ አዲስ አበባ ነግቷል። እናቴ ጋ ደወልኩ።

“ሸጠው?”

“አልሸጠም፣ እማዬ።” ስለ ታርጋው፣ ስለ ቆዳ ልብሱ፣ ስለ ሚስቱ ሦስት ሕጎች ነገርኳት። የወለቀውን ቱቦም አልደበቅኳትም። ዝም አለች። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማኝ፤ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ጣርማ በርን በስንተኛ ማርሽ ይወጣዋል?” አለ።